የብርድ ቤቱ ባለሙያ

ነሕላ ነገሩን የሰማችው በመጋረጃው በኩል ነው። ካርቱም ዳር፣ ማዮ ሰፈር ያለው ቤታቸው አንድ ክፍል ነው፤ መካከሉ ላይ የእናቷ የሸዋአለም አሮጌ ቶብ፣ የሱዳን ሴቶች የሚጠቀለሉበት ረጅም ጨርቅ፣ በሽቦ ተወጥሮ ለሁለት ይከፍለዋል። ወዲህ የነሕላ አልጋ አለ፤ ወዲያ የእናቷና የእንጀራ አባቷ የአያሌው። ሰማዩ ገና መገርጣቱ ነበር። በደጅ የውሃ በርሜል የጫነ የአህያ ጋሪ እየተንገጫገጨ ያልፋል። በመጋረጃው በዚያ በኩል እናቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ያንተን ቦታ እኮ ነው ለልጅቷ የሚሰጧት» አለች። «ቢያንስ ንገራት።»

አያሌው ጫማውን ፍለጋ ወለሉን በእጁ ሲዳብስ ይሰማል።

«ብነግራት ለፈተናው ትሄዳለች?» አለ በመጨረሻ።

«አትሄድም።»

«እንግዲያው አልነግራትም።»

ነሕላ ዐይኗን ጨፍና የተኛች መሰለች። ጦርነቱ ካርቱም ከመግባቱ አንድ ዓመት በፊት ነው፤ የሚያዝያ ሙቀት ገና በማለዳው የቆርቆሮውን ጣሪያ ማንጣጣት ጀምሯል። በዚያ ሙቀት ውስጥ ተጋድማ ያለፉትን አምስት ወራት አንድ በአንድ በሐሳቧ መለሰቻቸው። አያሌው በሶባ መንገድ ባለው የአይስክሬም ፋብሪካ አሥራ ስድስት ዓመት ሠርቷል። ማሽን ቤት ውስጥ ነበር ሥራው፤ ማቀዝቀዣዎቹን በእጁ አሳድጓቸዋል ማለት ይቻላል። አሜሪካ በሱዳን ላይ የጣለችው ማዕቀብ ተነሥቶ የውጭ ኩባንያዎች መምጣት ሲጀምሩ አንዱ ፋብሪካውን ከሱዳናዊው ባለቤት ገዛው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ አያሌው ካርቶን ተሸክሞ ብርድ ቤት ገብቶ መውጣት ጀመረ። ለምን ብለው ሲጠይቁት የማሽኑ ጩኸት ጆሮውን ስላመመው ራሱ ለምኖ እንደተዛወረ ነገራቸው፤ አመኑት። አሁን ነው ለነሕላ የገባት። ኩባንያው በጋዜጣም በስልክም «የማቀዝቀዣ ቴክኒሻን ይፈለጋል» ብሎ ያወጣው ቦታ የእሱ ነው። ማስታወቂያውን ቤት ድረስ ያመጣላት፣ ሙያ ትምህርት ቤት ያገኘችውን ዲፕሎማ በፕላስቲክ እንድታስለብጠው የነዘነዛት፣ ፎርሙን ስትሞላ መብራት አስጠግቶ የያዘላትም ራሱ አያሌው ነው።

እሷ ራሷ ሱቅ ዐረቢ በሚባለው ገበያ ውስጥ ኤሲ የሚጠግን አንድ ሰው ዘንድ በቁርጥ ትሠራለች። ከዚያ ሱቅ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ልጆች ወደ ውጭ ኩባንያ ሄደዋል። ባለሱቁ በሽተኛ እስኪመስል ድረስ ተማሯል፤ ያሠለጠነው ሰው ሸሃዳ፣ የሙያ ምስክር ወረቀት፣ ያለው ከሆነ፣ ወረቀቱን ይዞ በእጥፍ ደመወዝ ይወሰድበታል። ሸሃዳ የሌለው ግን ምን ቢያውቅ ማንም አይጠራውም። ነሕላ ይህን በየቀኑ ስትሰማ የሌላ ሰው ወሬ ይመስላት ነበር።

ተነሥታ ፊቷን ታጠበች። እናቷ ሻይ በወተት ቀድታ፣ ያንዱ ዋጋ ሃምሳ ፓውንድ የገባውን ዳቦ ለሦስት ቆርሳ አቀረበች። ሦስቱም ዳቧቸውን ሻዩ ውስጥ እየነከሩ በሉ። ሸዋአለም አንዴ ባሏን አንዴ ልጇን ታያለች። አያሌው የነሕላን ቦርሳ ከፍቶ ካቻቢቴውን፣ ፒንሳውን፣ ጓንቲውን እየነካ ቆጠረ፤ ከዚያ ካቻቢቴውን አውጥቶ እጀታውን በሸሚዙ ጠርዝ ጠረገና መልሶ አስገባው። ነሕላ እጁን አየችው። ሁለት ጣቶቹ ጫፋቸው በብርድ ተቃጥሎ የነጣ ነው። አባቷ ሐቲም፣ የሎሪ ሾፌሩ፣ በፖርት ሱዳን መንገድ ሲሞት ስምንት ዓመቷ ነበር። አሥር ሲሞላት ይህ ሰው ቤታቸው ገባ። አባቴ ነው ብላ አታውቅም፤ እሱም በይ ብሏት አያውቅም። እንደ ሰፈሩ ልጆች ሁሉ «ዓሚ»፣ አጎቴ፣ ትለዋለች። አማርኛዋ እርስዎንና አንተን ስለማይለይላት «አንተ» ትለዋለች፤ እሱም አንድ ቀን አላረማትም።

«ያላ፣ እንሂድ» አለ አያሌው።

ከሰፈሩ አቧራ መንገድ እስከ አስፋልቱ በረክሻ፣ በባለ ሦስት እግሩ ባጃጅ፣ ወጡ። ነጂው አምስት መቶ ጠየቀ፤ አያሌው አራት መቶ ሲል ልጁ ነዳጅ ስንት እንደገባ ይዘረዝርለት ጀመር፤ በመሐል ስለ መብራት መጥፋት ተጫወቱና አምስት መቶውን ከፈለ። ከአስፋልቱ አውቶቡስ ያዙ። መንገዱ ግራና ቀኝ በአቧራ ጭጋግ ተሸፍኗል። ዛፎቹ፣ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ የሚደርቀው ልብስ፣ በጥላ ስር የተቀመጡት የሻይ ሴቶች ሁሉ ከወተት ውስጥ ብቅ እንደሚሉ ነገሮች ናቸው። ነሕላ ጭንቅላቷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ እንዳልነቃች፣ መጋረጃው በዚያ በኩል የተባለው ነገር ሁሉ የሕልሟ ቅሪት እንደሆነ አድርጋ ልታስብ ሞከረች። ከፋብሪካው አንድ ፌርማታ ሲቀር አያሌው ተነሣ።

«እኔ እዚህ እወርዳለሁ። አንቺ በዋናው በር ግቢ። ውስጥ ስታዪኝ የማውቅሽ አይምሰል።»

«ለምን ዓሚ?»

«የካርቶን ተሸካሚ ልጅ ናት እንዳይሉሽ።»

ወረደ። አውቶቡሱ ሲያልፈው በአቧራው ውስጥ ትንሽ ቆይቶ ቅርጹ ጠፋ።

ለፈተና የተጠሩት አምስት ነበሩ፤ አራቱ ወንዶች። የቀዘቀዘ የእንግዳ ክፍል ውስጥ አስቀምጠው ውሃ በብርጭቆ ሰጧቸው። አንዱ ዐማራት ከሚባለው የሀብታሞች ሰፈር የመጣ፣ ሸሚዙ ላይ መታጠፊያው ገና ያልጠፋ ልጅ፣ ኩባንያው ለቴክኒሻን የሚከፍለው ተሸካሚ ከሚያገኘው ስድስት እጥፍ እንደሆነ ነገራቸው። ሌላው «አልሐምዱሊላህ፣ የተማረ ሰው ዘመን መጣ» አለ። ሁሉም ሣቁ። ነሕላ ብርጭቆውን ይዛ ስድስት እጥፍ የሚለውን በሐሳቧ ካርቶን አድርጋ ደረደረችው። ከዚያ የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊዋ ኒዕማ፣ ነጭ ቶብ ለብሳ ጽላት የምታክል ስክሪን ይዛ ገባችና ስማቸውን ጠርታ ወደ ማሽን ቤቱ ወሰደቻቸው።

እዚያ የጠበቃቸው ቱርካዊ መሐንዲስ ጠጉሩ የሸበተ፣ እንቅልፍ ያጣ የሚመስል ሰው ነው። እንግሊዝኛውን እየቆራረጠ፣ ትልቁ ኮምፕሬሰር ሦስት ቀን ሙሉ እያንኳኳ እንደሆነ ነገራቸው። ከዋናው መሥሪያ ቤት ሰው ሳላስመጣ ምክንያቱን የሚነግረኝ ሰው እፈልጋለሁ አለ። ድምፁ ይሰማል፤ ከባዱ ጉርምርምታ ውስጥ አንድ ሰው ብረት በር በጉልበቱ እንደሚደበድብ። አንዱ ተፈታኝ ኩሽኔታው አልቋል አለ። ሌላው ዘይቱ ነው አለ። ነሕላ ካቻቢቴዋን አውጥታ ጫፉን ማሽኑ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ አዳመጠች። ከዐማራት የመጣው ልጅ ፈገግ ሲል አየችው። ድምፁ የብረት ድካም አይደለም። ጋዝ ብቻ ሊስብ የሚገባው ማሽን ፈሳሽ እየዋጠ ነው፤ ቧንቧው ላይም እስከ ማሽኑ ሆድ ድረስ ነጭ ውርጭ ወጥቶበታል። «ፈሳሽ እየተመለሰበት ነው» አለች። «ከየት እንደሆነ ግን ከዚህ አይታይም። ብርድ ቤቱን ልየው።»

ካፖርት አልብሰው አስገቧት። ከውጭ ሙቀቱ አርባ ሦስት ነው፤ በሩ ሲከፈት እግሯ ስር ጉም ተጥመልምሎ ወጣ። ውስጡ ሰፊ፣ ነጭ፣ ዝም ያለ ነው። ካርቶኖቹ እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል። ተሸካሚዎቹ በወፍራም ካፖርት ተጠቅልለው ትንፋሻቸው ከፊታቸው እየቀደመ ይሄዳሉ፤ እግራቸው ድምፅ የለውም። ጥቂት ቆማ ጊዜው የቆመ መሰላት። አያሌው ስለ አገሩ ብዙ አያወራም፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ብርድ ቤቱ ሲገባ ደብረ ብርሃን በጥቅምት ማለዳ እንደሚመስለው ነግሯት ነበር። እሷ ደብረ ብርሃንን አታውቅም። እዚያ ነጭ ጉም ውስጥ ግን አገሩን ያየች ያህል ተሰማት፤ ሰዎች ቀስ ብለው የሚራመዱበት፣ ማንንም ላብ የማያልበው ቦታ። ከዚያ እሱን አየችው። ካርቶን ታቅፎ በአጠገቧ ሲያልፍ ቅንድቡ ላይ በረዶ አለ። አላያትም። ካርቶኑን ከሦስተኛው ማራገቢያ ስር አስቀመጠ፤ ሲያስቀምጥ ከሚገባው በላይ ቆየ፤ ቀና ብሎ ወደ ላይ ተመለከተ፤ ሄደ። ተመልሶ ሲያልፋት በአማርኛ «ሦስተኛው» አለ፤ ቃሉ በትንፋሹ ጉም ተጠቅልሎ ወጣ።

የሌሎቹ ማራገቢያዎች ውርጭ ስስና እኩል ነው። የሦስተኛው በረዶ ግን ወፍሮ እንደ ሰም ተንጠባጥቦ ደርቋል። ወጥታ ለመሐንዲሱ የሦስተኛው ማራገቢያ ቫልቭ እንደማይዘጋ፣ ፈሳሹ የሚመለሰው ከዚያ እንደሆነ ነገረችው። መሐንዲሱ በሩን ገፍቶ ገብቶ አየ፤ ሲመለስ ፊቱ በርቶ ነበር። ኒዕማን «ይቺ ናት» አላት። ሌሎቹን አመስግና ሸኘቻቸው። ከዐማራት የመጣው ልጅ ሲወጣ «መብሩክ፣ እንኳን ደስ ያለሽ» አላት ከልቡ።

ያን ጊዜ ዝም ብትል ነገሩ ሁሉ እዚያው ያልቅ ነበር። ጠዋት በመጋረጃው በኩል የተባለውን አልሰማሁም ማለት ትችል ነበር፤ አያሌውም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። አፏ ግን ቀደማት። «ያገኘሁት እኔ አይደለሁም» አለች በእንግሊዝኛ። «ውስጥ ካርቶን የሚሸከመው ሰውዬ ነው የነገረኝ። እስከ ባለፈው ዓመት የእናንተን ማሽን የያዘው እሱ ነበር።»

ኒዕማ ስክሪኗን ነካክታ «አያሌው፤ ዓሚል ይላል» አለች። የቀን ሠራተኛ ማለቷ ነው። «ፋይሉ ላይ ከድሮም እንደዚያ ነው የተጻፈው።» መሐንዲሱ ይጠራ አለ።

አያሌው ካፖርቱን ሳያወልቅ መጣ። ቅንድቡ ላይ ያለው በረዶ በሙቀቱ እየቀለጠ በጉንጩ ይወርዳል። ነሕላን በዐይኑ ገሠጻት። መሐንዲሱ ቫልቩን እንዴት እንዳወቀ ጠይቂው አላት፤ እሷም በአማርኛ ጠየቀችው። አያሌው ዐረብኛ እንደ ውሃ ይችላል፤ ኒዕማ እንዳትሰማው ግን በአማርኛ መለሰ።

«ምንም አያውቅም በይው። ካርቶን ተሸካሚ ነው በይው። ሥራሽን ያዢና ዝም በይ፣ ነሕላ።»

ነሕላ ወደ መሐንዲሱ ዞረች። «ቫልቩ በየዓመቱ ሙቀት ሲገባ ይይዛል ይላል» አለች በእንግሊዝኛ። «በማዕቀቡ ጊዜ መለዋወጫ ከውጭ አይገባም ነበር። የውስጡን ቀለበት በእጁ ቆርጦ ነው የተካው፤ አሁን እሱ ያረጀ ይመስለዋል።» ይህን ሁሉ ታውቀዋለች፤ የዚያን ጊዜ ቀለበቱን ሲሞርደው ግቢያቸው ውስጥ ፋኖስ የያዘችለት እሷ ናት።

«ምን አልሽው?» አለ አያሌው።

«ያልከውን ነዋ።»

«ብዙ ቃል ነው ያወጣሽው።»

«ኢንግሊዚ ረጅም ነው፣ ዓሚ።»

መሐንዲሱ አንዴ እሱን አንዴ እሷን ተመለከተ። ቀለበቱን ከምን ነው የቆረጠው ብሎ ጠየቀ። ነሕላ ተረጎመችለት። አያሌው ጥርሱን ነክሶ «አላውቅም በይው አልኩሽ!» አለ። እዚህ ላይ ነሕላ አሰበች፤ ብዙ ሳይሆን፣ አንድ ሰው ደረጃ ሲወርድ ስለ መጨረሻው ደረጃ የሚያስበውን ያህል። አያሌው በሕይወቱ የጮኸባት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ ለዚሁ ለፋብሪካው የሚሆን ነገር ሲሠራ ከቤት ፍሪጅ የተረፈ የመዳብ ቀለበት ብታቀብለው ጎረቤት እስኪወጣ ጮኸ። በአሞኒያ የሚሠራ ማሽን ውስጥ መዳብ የገባ ቀን ጋዙ መዳቡን በልቶ ይወጣና ሰው ይገድላል። ሙያውን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። የማያውቅ ሰው ማሽን ቤት መግባት የለበትም።

«ከኮፐር» አለች። «ከመዳብ ነው ይላል።»

የመሐንዲሱ ፊት ጠቆረ። ኒዕማም የነገሩ ክብደት ባይገባትም የፊቱን መለወጥ አይታ ስክሪኗን ዝቅ አደረገች። «ከመዳብ?» አለ መሐንዲሱ። «አሞኒያ ውስጥ?» ነሕላን አሁን እንደ አዲስ ነበር የሚያያት፤ እንዴት እንደመረጣት እየገረመው።

አያሌው ማሽኖችን በስማቸው ለመጥራት የሚበቃ እንግሊዝኛ አለው። ኮፐር የሚለውን ቃል ያውቃል። ዓይኑ በመሐንዲሱ ፊት ላይና በልጅቷ ላይ ተመላለሰ፤ ከዚያ ያ ሁሉ ዝምታ በአንድ ጊዜ ከአፉ ወጣ፤ በዐረብኛ።

«ኑሓስ? መዳብ ማን አለ? አሞኒያ መዳብ ይበላል! ብረት ነው፣ ከአሮጌ ሎሪ ዘንግ የቆረጥኩት! ሦስት ቀን ነው የሞረድኩት! ልጅቷ ታውቃለች፣ ደንግጣ ነው፤ እኔው ነኝ ያስተማርኳት!»

ኒዕማ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷ ተረጎመች። አያሌው ግን አላቆመም። የትኛው ማራገቢያ በየትኛው ወር እንደሚያስቸግር፣ የትኛው ቧንቧ መሬት ውስጥ ተጠማዞ እንደተቀበረና ማን እንደቀበረው፣ አሮጌው ባለቤት መለዋወጫ ፍለጋ ዱባይ ሄዶ ባዶ እጁን ሲመለስ ምን እንዳደረጉ ተናገረ። እጆቹ በአየር ላይ ቫልቭ ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ካፖርቱ ይተናል። ነሕላ በማሽኑ ጉርምርምታ መሐል ድምፁን ስትሰማ ልጅ ሆና፣ ግቢያቸው ውስጥ የተበተነ ፍሪጅ አጠገብ ተቀምጣ እንቅልፍ የሚወስዳት መሰላት። ያኔም እንዲሁ ነበር፤ እሱ ያወራል፣ እሷ ግማሹን በሕልሟ ትሰማለች፣ ጠዋት ግን ሁሉንም ታውቀዋለች።

መሐንዲሱ አያሌው እስኪጨርስ ጠብቆ መፍቻውን ሰጠው። ጋዙን ሰብስበው መሥመሩን ዘጉና አያሌው ቫልቩን ፈታ፤ ነሕላ ጭንብል አድርጋ ዕቃ ታቀብላለች። ቀለበቱ ወጣ። ብረት ነው፤ አንድ ጎኑ እንደ ምላጭ ሳስቷል። መሐንዲሱ መዳፉ ላይ አድርጎ ብዙ አየው። ከመጋዘን አዲስ አመጡ፤ ኩባንያው ከገዛው ጀምሮ መለዋወጫ ሞልቷል፣ የቱ የት እንደሚገባ ያወቀ የለም እንጂ። እኩለ ቀን ሲያልፍ ማሽኑ ተነሣ። ማንኳኳቱ የለም።

ቢሮ ውስጥ ኒዕማ ሁለት ወረቀት አስቀመጠች። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ድካሟ ከዐይኗ ያስታውቃል። «ሕጉ የእኔ አይደለም» አለች። «አሞኒያ የሚነካ ሰው ሸሃዳ ይኑረው ይላል ኢንሹራንሱ። የቴክኒሻኑ ቦታ አንድ ነው፤ ሸሃዳው ያለሽ አንቺ ነሽ። ሙሃንዲሱ ለሰውዬው ረዳት ብለሽ ጻፊው አለኝ። ከነገ ጀምሮ ማሽን ቤት ከአንቺ ስር ይሠራል።»

«ደመወዙስ?»

«እንደነበረው። ከሦስት ወር በኋላ የሙያ ፈተና አለ፤ ካለፈ ይስተካከላል ኢንሻአላህ።»

«ፈተናው በጽሑፍ ነው?»

«በዐረብኛ ጽሑፍ።»

አያሌው ዐረብኛ ይናገራል እንጂ አንድ ፊደል አያነብም። ነሕላ እስክሪብቶውን ይዛ በመስኮቱ ወደ ግቢው ተመለከተች። እዚያ ቆሟል፤ በፀሐዩ መሐል፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት፣ ካፖርቱን ማውለቅ ረስቶ። የጭነት መኪኖቹ ይዞሩታል። ጭንቅላቱን ወደ ማሽን ቤቱ ዘንበል አድርጎ፣ ሰው ከሩቅ የሚጫወት ሬዲዮ እንደሚያዳምጥ ያዳምጣል። ስድስት እጥፉ በእሷ ስም ነው። ባትፈርም የዐማራቱ ልጅ ይፈርማል፤ አያሌውም ወደ ካርቶኑ ይመለሳል። ፈረመች። ስሟ በዐረብኛ ሲጻፍ አጭር ነው፤ አለቀ።

ወደ ማዮ በሚመለሰው አውቶቡስ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ዛሬ ቀድሞ የሚወርድ አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ያለው አቧራ ብርቱካናማ ሆኖ ከተማዋን ከፍ አድርጎ ያንሳፈፋት ይመስላል፤ ሚናሬቶቹ ሥር የላቸውም። ረዳትነቱን ነገረችው፣ ደመወዙን ነገረችው፣ ፈተናውን ነገረችው። በእያንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ። ማንበብ አስተምርሃለሁ አለችው። «ሦስት ወር ብዙ ነው» አለ። ሁለት ፌርማታ አለፈ። ሴቶች ቲማቲም በባልዲ ይዘው ተሳፈሩ፤ አንዷ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ለማንም ሳይሆን አማረረች።

«ነሕላ።»

«አቤት።»

«ኮፐር ያልሽው እውነት ረስተሽ ነው?»

ወደ እሱ አልዞረችም። እንዳልረሳች ብትነግረው፣ ዛሬ ሰው ፊት ያናገረችው በዘዴ እንደሆነ ያውቃል፤ ነገ ከእሷ ስር ሲሠራም ያንን ይዞ ይገባል።

«ረስቼ ነው፣ ዓሚ» አለች። «ደነገጥኩ፣ ሁሉ ነገር ጠፋብኝ።»

አያሌው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ላላ።

«እንደዚህ ሆነሽ ነገ ማሽን ቤት ልትገቢ ነው?» አለ። ወንበሩ ላይ ተስተካክሎ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝ፤ ከመጀመሪያው ልንገርሽ። አሞኒያ ማለት...»

ነሕላ ጭንቅላቷን ወደ ትከሻው አስጠጋችና፣ ሰምታው እንደማታውቅ አድርጋ፣ ማዳመጥ ጀመረች።